የሚነዝር ቻርጀር፦ ኦርጅናል ያልሆነውን መጠቀም ምን ያህል ያሰጋል?

ሽምብጥ_ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ያሉት ቻርጀሮች በሙሉ ከገበያ የተገዙ ናቸው፤ ከስልክ ጋር የመጣ አንድም የለም። ሁለት ነገር አሳስቦኛል። እናቴ ስልካቸው ቻርጅ ላይ እያለ ሲያወሩ «ነዘረኝ» ይላሉ፤ በባዶ እግራቸው ሊሾ ላይ ከቆሙ ደግሞ ይብሳል። የስልኩ ዙሪያ ብረት ነው። ያው ቻርጀር ሲሰካ ስክሪኑም ያብዳል፤ ጣት ያላረፈበትን በራሱ ይከፍታል።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባሉ ሱቆች ስጠይቅ አንዱ «የቤታችሁ መብራት ነው» አለኝ። ሌላው «ኦርጅናል ካልሆነ ባትሪ ያሳብጣል» አለኝ። ሦስተኛው ፊቱ ላይ 65 ዋት የተጻፈበት አውጥቶ «ይኼን ውሰጂ» አለኝ፤ ዋጋው ግን ከተራው ብዙም አይርቅም።

የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። የርካሽ ቻርጀር አደጋ በትክክል ምኑ ላይ ነው? ሳልፈታው ከውጭ አይቼ መለየት እችላለሁ? መንዘሩስ እናቴን ያሰጋቸዋል?

ፖሊ_ኤሌክትሪካል

እኅቴ፣ ስልኩ ላይ የሚደርስ ጉዳት አለ፣ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት አለ። ሱቅ ውስጥ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ከሶኬት የሚገባው 220 ቮልት በዳዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) ተስተካክሎ ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅም ዕቃ) ላይ ሲጠራቀም ወደ 311 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኮረንቲ፣ ይሆናል። ከዚያ ትራንዚስተሩ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ ትንሿን ትራንስፎርመር ይነዳል፤ በወዲያኛው በኩል 5 ቮልት ይወጣል። ባለ 311ና ባለ 5 ወገኖች በሽቦ አይነካኩም። ኃይሉ የሚሻገረው በመግነጢስ ብቻ ነው። እናትሽ የያዙት ስልክ ከ5 ቮልቱ ወገን ነው። ስለዚህ በእርሳቸውና በ220 መካከል ያለው ያ ክፍተት ብቻ ነው።

በወጉ የተሠራ ቻርጀር ላይ በቦርዱ ገጽ ከአንዱ ወገን እስከ ሌላው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ ይተዋል። ቦታ ካነሰ ቦርዱ መሐል ላይ ይሰነጠቃል፣ ወይ የፕላስቲክ ግድግዳ ይገባበታል። በትራንስፎርመሩ ውስጥ የ5 ቮልቱ ጥቅል ሦስት ድርብ ሽፋን ባለው ሽቦ ይጠቀለላል። ፋብሪካው ከመሸጡ በፊት በሁለቱ ወገኖች መካከል 3,000 ቮልት አካባቢ ይለቅበታል፤ ካላሳለፈ ያልፋል።

በርካሹ ላይ የሚቀነሰው እዚህ ነው። ክፍተቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ሽቦው ተራ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ያለው አንድ ዙር ቢጫ ቴፕ ብቻ ነው። ይህ ቻርጀር ለወራት በደንብ ይሠራል፤ ስልኩንም ይሞላል። አንድ ቀን ቴፑ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ወይ የላላ የመበየጃ ቆርቆሮ ጠብታ ተላቅቆ ክፍተቱ ላይ ያርፋል፣ ወይ እርጥበትና አቧራ ተደባልቆ መንገድ ይሠራል። የዚያን ቀን 220 ቮልት በገመዱ አድርጎ ስልኩ ብረት ላይ ይደርሳል። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት መርማሪ ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) 400 የአይፎን አስመሳይ ቻርጀሮችን ፈትሾ የኢንሱሌሽን (ሁለቱን ወገኖች የሚለየው መከላከያ) ፈተናውን ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ከ400ው 12ቱ በኮረንቲ ሰው ሊገድሉ የሚችሉ ሆነው ተገኝተዋል።

አሁን ከውጭ ስለ መለየቱ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተዪውና ከሥር በደቃቁ ያለውን «አውትፑት» የሚለውን መስመር አንብቢ። ፊቱ 65 ዋት ይላል፣ ደቃቁ ጽሑፍ 5 ቮልት 2 አምፔር ይላል እንበል። 5 በ2 ሲባዛ 10 ዋት ነው። እውነተኛ 65 ዋት ቢሆን 20 ቮልት 3.25 አምፔር የሚል መስመር ይኖረው ነበር። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ካየሽ እዚያው መልሺው። ስለ ዋቱ የዋሸ ዕቃ ስለ ኢንሱሌሽኑ እውነት አይናገርም።

ቀጥሎ ሁለት ካሬ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለበትን ምልክት ፈልጊ፤ ድርብ ኢንሱሌሽን ማለት ነው፤ የመሬት መስመር የሌለው ቻርጀር ሊኖረው ይገባል። ሲኢ የሚለው ምልክት ብቻውን ብዙ አይነግርሽም፤ አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው ነው። አስመሳዩ ሁሉንም ምልክት መቅዳት ይችላል፤ ስለዚህ ምልክት አለመኖሩ ጥፋተኛ ያደርገዋል እንጂ መኖሩ ነፃ አያወጣውም። የሞዴል ቁጥር፣ የአምራች ስም፣ የግቤት መስመር (ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ) ካልተጻፈበት አትግዢው።

ለኛ አገር የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከቻይና በሚመጡ ቻርጀሮች ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተራራ ሥዕልና 2000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ የተሠራ ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ኮረንቲ ክፍተት መዝለል ይቀለዋል፤ ስለዚህ ከፍ ባለ ቦታ ክፍተቱ መስፋት አለበት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከወሰኑ በታች ናት። ጎንደር፣ ደብረ ታቦርና አዲስ አበባ ግን ከ2,000 በላይ ናቸው። ደኅና ቻርጀር ትርፍ ክፍተት ስላለው እዚያም አይቸገርም፤ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የተወለት ግን ትርፍ የሚባል ነገር የለውም።

ፒኖቹንም እዪ። የቀጭኑ ፒን ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሥሩ ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ሊኖረው ይገባል፤ ግማሽ ወጥቶ እያለ ጣት ቢነካው እንዳይዝ ነው። በእጅ ሲወዛወዝ የሚነቃነቅ ፒን ያለው፣ ሲያንቀጠቅጡት የሚንኳኳ፣ በእጅ ጥፍር ስፌቱ የሚከፈት ቻርጀር አይገዛም።

ጥገና_ጠረጴዛ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ስለ መንዘሩና ስለ ስክሪኑ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ጊዜ ይምታታል።

መንዘር ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። በሁለቱ ወገኖች መካከል ሆን ተብሎ የሚገባ አንድ ካፓሲተር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ፣ ክብ፣ ላዩ ላይ ዋይ 1 የተጻፈበት። ሥራው ጫጫታን፣ ማለትም ቻርጀሩ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ ማፈን ነው። በእሱ በኩል በጣም ጥቂት ኮረንቲ ያልፋል፤ 1 ናኖፋራድ ቢሆን በ220 ቮልት ከ0.07 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። ይህን ያህል አይጎዳም። በባዶ እግር እርጥብ ሊሾ ላይ ቆሞ የስልኩን ብረት በጣት ዳበስ ላደረገ ሰው ግን ይታወቃል። ኦርጅናሎቹም ይህን ያደርጋሉ።

ችግሩ ርካሹ ላይ በዋይ 1 ፈንታ ተራ ሴራሚክ ካፓሲተር መገጠሙ ነው። ዋይ 1 ሲበላሽ ተከፍቶ እንዲቀር ተደርጎ ይሠራል፤ ተራው ግን ሾርት ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ መንዘር መሆኑ ይቀርና መያዝ ይሆናል። ይባስ ብሎ አንዳንዶቹ ካፓሲተሩን ጭራሽ አይገጥሙትም። እነሱ አይነዝሩም፤ ስክሪን ያሳብዳሉ እንጂ። ስለዚህ «አይነዝርም፣ ደኅና ነው» ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው።

ስክሪኑ የሚያብደው እንዲህ ነው። የንክኪ ስክሪን የሚሠራው ጣት ሲጠጋው የሚፈጠረውን ጥቃቅን የካፓሲታንስ ለውጥ እየለካ ነው። ቻርጀሩ ያልተጣራ ጫጫታ በገመዱ ሲልክ መለኪያው ይታለላል። ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው የሚድን ከሆነ ስክሪን ለመቀየር ገንዘብ አታውጪ፤ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው።

አሁን ልኬቱ። ቴስተር ያለውና 220 ላይ መሥራት የለመደ ሰው ያድርገው፤ ያልለመደ አይንካው።

1. የሶኬቱ የመሬት ክሊፕ (በጎንና በጎን ያለው ብረት) እውነተኛ መሆኑን አረጋግጥ። ከላይቩ (ኮረንቲ ካለበት) ቀዳዳ ወደ ክሊፑ ስትለካ ወደ 220 ካላሳየ መሬት የለውም፤ ሙከራው ዋጋ የለውም።
2. 100 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ውሰድ። መጀመሪያ ሁሉንም አገናኝ፤ አንዱን ጫፍ ከመሬት ክሊፑ፣ ሌላውን ከዩኤስቢው ውጫዊ ብረት። ከዚያ ነው ቻርጀሩ የሚሰካው። ከተሰካ በኋላ በእጅ የሚነካ ነገር የለም።
3. ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፍ ለካ። በደኅና ቻርጀር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ10 ቮልት በታች ይሆናል። 25 ቮልት ማለት 0.25 ሚሊ አምፔር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቻርጀሩ ይጣላል።
4. ነቅለህ፣ ፒኖቹን ገልብጠህ ሰክተህ ድገመው፤ ከሁለቱ ትልቁን ያዝ።

ሬዚስተር ሳታስገባ በባዶ ቴስተር ብትለካ 80ም 100ም ቮልት ያሳይሃል፤ በደኅናውም በመጥፎውም ያው ነው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው።

የጭነት ሙከራውም ቀላል ነው። 5 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ነጭ የሴራሚክ ሬዚስተር ከ5 ቮልት ላይ 1 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 አምፔር። 2 አምፔር የተጻፈበት ቻርጀር በዚያ ጭነት ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ከ4.75 ቮልት በታች ካልወረደ ቃሉን ጠብቋል። በጣም ርካሾቹ 13001 በምትባል ትንሽ ትራንዚስተርና በአንድ ዳዮድ ብቻ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ 2 አምፔር ተብሎ ተጽፎባቸው ግማሽ አምፔር ላይ ይወድቃሉ። ሬዚስተሮቹ በጣም ስለሚግሉ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ጡብ ላይ አድርጓቸው።

ጣና_ዳር_27

እኔ በበኩሌ ከስልኩ ጋር ከመጣው ሌላ አትጠቀሙ ነው የምለው። ሌላው ቻርጀር ኃይል ከበዛበት ባትሪ ይሞላል፣ ይሞላል፣ ያሳብጣል።

ፖሊ_ኤሌክትሪካል

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከጥንቃቄ የመጣ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይታረም።

ባትሪ የሚሞላው ቻርጀሩ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ያለው የቻርጅ አይሲ (መሙላቱን የሚቆጣጠረው ቺፕ) ነው ባትሪውን 4.2 ቮልት (በአዳዲሶቹ እስከ 4.45) ሲደርስ የሚያቆመው። ቻርጀሩ ምን ያህል አምፔር መስጠት እንደሚችል ይናገራል፤ ስልኩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይስባል። በትክክል የተሠራ 65 ዋት የላፕቶፕ ታይፕ ሲ ቻርጀር 10 ዋት ስልክ ላይ ቢሰካ ስልኩ 10 ዋቱን ወስዶ ይቀመጣል። ከ5 ቮልት በላይ እንዲሰጠው ስልኩ ራሱ በገመዱ ተነጋግሮ መጠየቅ አለበት። ባትሪ የሚያሳብጠው በዋናነት ሙቀትና ዕድሜ ነው። ርካሽ ቻርጀር ስልኩን የሚገድለው ሲበላሽ ነው፤ መቆጣጠሪያው ሲሞት 5 መሆን ያለበት ወደ 8፣ ወደ 10 ይወጣና የቻርጅ አይሲውን ያቃጥላል።

ሁለተኛ፣ ሳጥን ውስጥ ቻርጀር የሌለው ስልክ በዝቷል። አፕል ከአይፎን 12 ጀምሮ (2020)፣ ሳምሰንግ ከኤስ 21 ጀምሮ (2021) አውጥተውታል። ሌላ መግዛት ግድ ነው። ስሙን አክብሮ የሚሠራ ሌላ ኩባንያ ቻርጀር ከኦርጅናል አያንስም። ኦራይሞን የሚያመርተው ቴክኖንና ኢንፊኒክስን የሚሠራው ትራንሽን ነው፤ አንከርም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ከነሱ አስመሳይ መጠንቀቅ ነው፤ ለዚህ ነው ደረሰኝና ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ ግዙ የምንለው።

ሽምብጥ_ሰፈር

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ያው ቻርጀር በአንዱ ገመድ ቶሎ ይሞላል፣ በሌላው ሌሊቱን ሙሉ አይሞላም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ ነቅሎ መጠበቅ ያስፈልጋል?

ጥገና_ጠረጴዛ

ገመዱ ነው። ቀጭን ገመድ ውስጥ ያለው 28 ቁጥር ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ አለው። ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ 1 ሜትር ገመድ 0.42 ኦም ይሆናል። 2 አምፔር ሲያልፍበት 0.85 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስልኩ የሚያገኘው 4.15 ብቻ ነው። ስልኩ ቮልቱ መውረዱን ሲያይ አምፔሩን ይቀንሳል፤ ሌሊቱ የሚያልቀው በዚህ ነው። በ24 ቁጥር ሽቦ ግን የሚቀረው 0.34 ቮልት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ በዪ፤ ብዙ ገመድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 2 ሜትር ገመድ የምትፈልጊ ከሆነ ከ24 ቀጭን አትግዢ።

የስልኩን ቀዳዳም እዪ፤ የኪስ ብናኝ ሥሩ ላይ ተጠቅጥቆ ገመዱን እስከ መጨረሻ አያስገባውም። ስልኩን አጥፍተሽ በእንጨት ስንጥር ቀስ አድርገሽ አውጪው። መርፌ አይሆንም።

መብራቱን በተመለከተ፣ አዎ ንቀዪ፤ ከመጣ በኋላ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይርጋ። ሲመለስ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሁሉም የከፋው ግን በመስመሩ ላይ ኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) ሲበጠስ ነው፤ 220 ማግኘት የነበረበት ቤት እስከ 380 ቮልት ሊደርሰው ይችላል። ያ ሲስተካከል ከ530 ቮልት በላይ ዲሲ ነው፤ የቻርጀሩ ካፓሲተር ግን 400 ቮልት የሚችል ነው። ይፈነዳል። ደኅናው ቻርጀር ፊውዝ ወይም ፊውዝ የሚሆን ሬዚስተር ስላለው እዚያው ይሞታል። ርካሹ ፊውዝ ስለሌለው መንደዱን ይቀጥላል። አምፖሎች ድንገት ደምቀው ካያችሁ የስልኩን ቻርጀር ሳይሆን መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አጥፉ።

እዚህ ሐይቁ ዳር የምንኖር ሰዎች የምንረሳው ደግሞ አጎበር ነው። ለወባ ብለን አልጋውን እንሸፍናለን፤ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርገን ትራስ ሥር ወይ አጎበሩ ውስጥ እናስገባለን። የአጎበር ክር ፕላስቲክ ነው፤ ሲቀጣጠል ቀልጦ ይንጠባጠባል። ቻርጀሩም ስልኩም ትራስ ሥር ሙቀታቸውን መጣያ አያገኙም። ከአልጋው ራቅ ባለ፣ የማይነድ ነገር ላይ ይቀመጡ።

ዘጌ_ሶላር

በሶላር ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ላክል። ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ተነሥቶ 5 ቮልት የሚሰጠው ትንሹ የመኪና ቻርጀር 220 ስለሌለበት ሰው አይገድልም፤ ስልክ ግን ይገድላል። ውስጡ ያለው ማብሪያ ትራንዚስተር ሾርት ካደረገ ባትሪው ላይ ያለው ሁሉ፣ ፀሐይ ላይ እያለ እስከ 14.4 ቮልት፣ በቀጥታ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ከፓኔሉ በቀጥታ የሚያገናኙ ደግሞ አሉ፤ ባለ 12 ቮልት የሚባለው ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት 21 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ኮንትሮለርና ባትሪ ሳይኖር አይደረግም። በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ 2 አምፔር ፊውዝ አስገቡበት፤ ገመዱ ሾርት ቢያደርግ ባትሪው ሽቦውን አያነደውም።

ሽምብጥ_ሰፈር

የእናቴን ቻርጀር አሁን አየሁት። ፊቱ ላይ 3.1 አምፔር ይላል፤ ከሥር አውትፑቱ 5 ቮልት 1 አምፔር ይላል። ሁለት ካሬ የለውም፤ የአምራች ስምም የለውም። ሲያንቀጠቅጡት ይንኳኳል።

ፖሊ_ኤሌክትሪካል

መለካትም አያስፈልገውም፤ አሁኑኑ ይነቀል። የሚንኳኳው የተላቀቀ ዕቃ ወይ የመበየጃ ቆርቆሮ ጠብታ ሊሆን ይችላል፤ የት እንደሚያርፍ ደግሞ አይታወቅም። ሌላ እስኪገዛ ከላፕቶፕ ዩኤስቢ ወይም ከፓወር ባንክ ይሙሉ፤ ላፕቶፑ ራሱ ከሶኬት ይነቀልና በባትሪው ይሥራ፤ ያኔ አይነዝርም። እስከዚያ እናትሽ ቻርጅ ላይ እያለ እንዳያወሩ፣ ጫማ ሳያደርጉም እንዳይነኩት ንገሪያቸው። ለእርሳቸው ስልክ 10 ወይም 18 ዋት በቂ ነው፤ ገመዱን ባለ 24 ቁጥር አድርጊው።

አሮጌውን ለማንም አትስጪ። ፒኖቹን በፒንሳ አጣጥፈሽ ጣዪው፤ አለዚያ ከቆሻሻ ላይ አንድ ልጅ አንሥቶ ይሰካዋል።